አሥራ አራት ቀን

በጥር ወር ካያኒ ቶሎ አይነጋም፤
ሦስት ሰዓት ቢያልፍም ሰማዩ አይፈካም።
ከጥዶቹ ግርጌ መኪናዬን አቁሜ፣
ከበረዶው ክምር አጠገብ ቆሜ፣
ሥራዬ ቁጥር ነው። ሰማንያ ይላል ሰሌዳው፤
መቶ ስምንት አለኝ መጀመሪያ የመጣው።

አይሞ ኬቱላ ነው፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ጌታ፤
ግማሹ ከተማ ከእጁ ነው የሚበላው፣ ጠዋትም ማታ።
መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤
«ሳኔልማ» አለ፣ ማዕረጌን ትቶ በስሜ ጠራኝ።
«ያባትሽን ጣሪያ በማን ሳንቃ ከደኑት?» አላለኝም፤
ዓይኑ ግን ብሎኛል። እኔም አልመለስኩም።

በፊንላንድ ሕግ የቅጣት መስፈሪያው ቀን ነው፤
ከዕለት ገቢህ ተቆርሶ፣ ያ የቀንህ ዋጋ ነው።
እኩል ለፈጠነ ቀኑ እኩል ነው፣ አሥራ አራት፤
ገንዘቡ ግን ይለያል፣ እንደየሰው ገበታ ስፋት።
ገቢውን ከስልኬ አነበብኩ፤
«አርባ ሺህ ዩሮ» አልኩ።
ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤
ጣቱ መሪው ላይ ተጣመመ።

«ያው መንገድ፣ ያው ቁጥር! የኔ ብረት ነው ወይ ከሰው ብረት የሚገድል?
ጎረቤቴ የሁለት ጎማ ዋጋ ከፍሎ ሲሄድ፣ እኔ ቤት ልክፈል?
ሠርቼ ማግኘቴን ነው የምትቀጪው፣ መፍጠኔን አይደለም!»
እውነት አለው፣ አልኩ በልቤ። በአፌ ግን፦ «እዚህ ጋ ፈርም።»

ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ሲባል ነበር፤
ዛሬ አየሁት፣ ያው ቀን ቅሉን መልሶ ሲሰብር።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ መብራት መጣ፤
አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ጭሱ ቀድሞት የወጣ።
መቶ ስምንት። ያው ቁጥር። እጄን ዘረጋሁ፤
ሂልካ ናት፣ ጋዜጣ አዳይዋ፣ በዓይን አውቃታለሁ።
የኋላ ወንበሩን ጋዜጣ ሞልቶታል፤ ልጇ ፊት ተቀምጧል፣
አንዱ እጁ ጓንት አለው፣ ሌላው ኪሱ ውስጥ ተደብቋል።

ለእሷም አሥራ አራት ቀን። አይሞ እንዳለው፣ የሁለት ጎማ ዋጋ።
(ጎማዎቿን አየሁ፤ ለበረዶ ቀርቶ አይሆኑም ለበጋ።)
አልጮኸችም እሷ። ወረቀቱን ገልብጣ አየችና፣
«አሥራ አራት ቀን» አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነና፤
«ከኬቱላ ቀን ሲቆረጥ፣ የሚቆረጠው ትርፍ ነው፤
ከኔ ቀን ሲቆረጥ፣ ይህ ልጅ የሚበላው ነው።
ቀንና ቀን እንዴት እኩል ሆነ? ሚዛኑን ማነው የያዘው?»

መልስ አልነበረኝም። በረዶው ሽፋሽፍቴ ላይ ተቀመጠ።
ወዲያ፣ ጥምዙ ላይ፣ አንድ ጥድ አለ ቅርፊቱ የተላጠ።
የፍሬኑን ምልክት በሜትር የለካሁት እኔ ነኝ፣ በጥቅምት፤
ስድሳ አንድ እርምጃ ነው፤ ብስክሌቱ የተገኘው ከዚያም በላይ ርቀት።
ለዚያ ልጅ ስንት ቀን ቀርቶት እንደነበር የሚነግር ስልክ የለኝም፤
የሞተ ሰው ቀን በግብር መዝገብ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ፣ «ቅጣቱ አልበዛም ወይ?» ሲሉኝ፣ በገበያ፣ በሳውና፣
«በዝቷል» እላለሁ አንዳንዴ፤ አንዳንዴ ያን ጥድ አስባለሁና
ዝም እላለሁ።

ማታ ተራዬ አበቃ። ትኩሳት ይዟታል ልጄ፤
ባሌ ሁለቴ ደውሏል። ጨለማውን ስሰነጥቀው በራሴው እጄ
ወደ ዳሽቦርዱ አየሁ። መቶ ሦስት። መንገዱ ባዶ፤
ከጥዱ ግርጌ ማንም የለም፣ የሚወርድ በረዶ።
እግሬን አላነሳሁም? አነሳሁ፣ ግን ዘግይቼ፤
ጥምዙን ካለፍኩ ወዲያ፣ ጥዱን ከኋላ ትቼ።

ደጄ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ የቀኔን ዋጋ አሰላሁ፤
ደብተሬን ከፈትኩ።
ብዕሩ በብርድ ደርቆ አልጽፍ አለኝ። ተውኩት፣ ገባሁ።